መብራቱ ከጣሪያ ይውረድ

ከዊንጌት ተነስቶ በአስኮ በኩል ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን አልፎ ገፈርሳ ሲደርስ በግራም በቀኝም የሚታየው ገና በመሠራት ላይ ያለ ከተማ ነው። ልስን ያልነካው ብሎኬት፣ በባሕር ዛፍ አጣና የተደገፈ ሶሌታ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ላይኛው ፎቅ የኪራይ ቤት የሆነ ሕንጻ፣ ከጀርባው ደግሞ በግቢ የታጠሩ የጭቃ ቤቶች አሉ። አካባቢው ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃሏል። አዲስ አበቤ ገፈርሳን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው በውኃ ግድቡ ነበር። ዛሬ ግን የመሃል ከተማው ኪራይ የከበደው ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ የሚመጣበት ሰፈር ሆኗል። ቀን አዲስ አበባ ውሎ ማታ የሚመለሰው ነዋሪ ቤቱን በአብዛኛው የሚያየው በመብራት ነው።

እዚህ አገር ጨለማ ወቅት አይመርጥም። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን በበጋና በክረምት መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ይመሻል። ከዚያ እስከ መኝታ ያለው ጊዜ አራት አምስት ሰዓት ነው። ልጅ የሚያጠናው፣ ቡና የሚፈላው፣ እራት የሚበላው፣ እንግዳ የሚቀመጠው በእነዚህ ሰዓታት ነው። ስለዚህ የሳሎን መብራት የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ተከራዩ ቤቱን ተረክቦ ማብሪያውን ሲጫን ምንም ሳይበራ ሲቀር፣ ቀና ሲል ደግሞ ጣሪያው ላይ አምፖል የሚገባበት ቦታ ጭራሽ ሲያጣ፣ የሚሰማው ቅሬታም ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ግን ከቅሬታው ቀጥሎ ስለሚመጣው ውሳኔ ነው። ብዙ ሰው ጣሪያውን አስበስቶ መሃሉ ላይ አምፖል ለማንጠልጠል ይጣደፋል። ብርሃኑን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጥጉና ወደ መቀመጫው ማውረድ በአብዛኛው ቤት የተሻለ፣ ርካሽና ለሕንጻውም የሚበጅ ነው።

ነጥቡ የት ጠፋ?

የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አምፖል የሚሰቀልበትን ቦታ ነጥብ ይሉታል። ነጥቡ የሚጠፋባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ገና ሶሌታው ሲሞላ የሚፈጠር ነው፤ ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ በብረቱና በኮንክሪቱ ሥር ይጨፈለቃል ወይም አፉ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ከዚያ በኋላ ሽቦ ቢሳብ አያልፍም። ሁለተኛው የገንዘብ ነው። ባለቤቱ የጂፕሰም ኮርኒስ ሊያሠራ አስቦ ሽቦውን ሶሌታው ሥር በናስትሮ ጠቅልሎ ይተወዋል፣ ጂፕሰሙ ሳይሠራ ቤቱ ይከራያል። ሦስተኛው ደግሞ አንድን ሰፊ ክፍል ለሁለት ከመክፈል የሚመጣ ነው። በአግሮስቶን ወይም በኮምፔንሳቶ ሲከፈል ነጥቡ ከአንዱ ወገን ይወድቃል፤ መኝታ ቤቱ መብራት ሲኖረው ሳሎኑ ያለ መብራት ይቀራል። የቀድሞው ተከራይ ቻንደሌሩን ነቅሎ ሲሄድ መያዣውንም አብሮ የሚወስድበት ጊዜም አለ።

የመጀመሪያው ምላሽ መብሳት ነው። እዚህ ላይ የሶሌታውን ሥራ ማወቅ ይጠቅማል። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ የተጀመረው አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ የቤት ግንባታ ያስለመደው አንድ ዘዴ አለ፦ ቀድመው የተዘጋጁ ቀጫጭን ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስሳል። ዘዴው ከኮንዶሚኒየም ወጥቶ ወደ ግል ሕንጻዎችም ገብቷል። ክፍት ብሎኬቱ ከሥር ሲበሳ የሚገኘው ስስ ቅርፊት ነው፤ ተራ ፊሸር አይነክስበትም፣ ከባድ ቻንደሌር ከጊዜ በኋላ ከነቅርፊቱ ይወርዳል። መሰርሰሪያው ብሎኬቱን ስቶ ቢሙን ካገኘ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቢሙ ውስጥ ያለው ብረት ወለሉን የተሸከመው ነውና። ያ ሶሌታ የአንዱ ጣሪያ ብቻ አይደለም፣ የላይኛው ጎረቤት ወለልም ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንጻን የግል ቤትና የጋራ መጠቀሚያ ብሎ የለየው እንዲህ ያለውን መነካካት ስለሚያውቅ ነው። ነዋሪው ተከራይ ከሆነ ደግሞ የሚበሳው የራሱ ያልሆነ ሶሌታ ነው፤ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም።

የጂፕሰም ሠራተኞች ሌላ መንገድ ያሳያሉ፦ ኮርኒሱን ዝቅ አድርጎ በመካከሉ ሽቦ ማሳለፍ። ሥራው ያማረ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ሦስት ሜትር በማይሞላ ክፍል ውስጥ አንድ ስንዝር መቀነስ የሚታይ ቅናሽ ነው። ዋጋውም ከበርካታ ወራት የመብራት ክፍያ በላይ ነው።

ምሰሶው የያዘው መሃል

ብርሃን ከጣሪያ መሃል መምጣት አለበት የሚለው ሐሳብ ከአያቶቻችን ቤት የመጣ አይደለም። በክቡ ቤት ውስጥ መሃሉ የምሰሶው ነው። እሳቱ ምድጃው ላይ፣ ከወለሉ ጋር እኩል ይነድዳል። ኩራዙ ከመደቡ ጠርዝ፣ ከግድግዳው ስርጉድ ወይም ከምሰሶው ወገብ ላይ ይቀመጣል፤ የሣር ክዳን ባለው ቤት ነበልባልን ወደ ላይ ማውጣት ቤቱን ለእሳት መስጠት ነውና ማንም አያደርገውም። ሰው የሚቀመጠውም ዝቅ ብሎ በርጩማ ወይም መደብ ላይ ስለሆነ ብርሃኑ ፊቱና እጁ ላይ በቀጥታ ያርፋል። ይህን ማለት ኩራዝን መናፈቅ አይደለም። የነጭ ጋዝ ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ብርሃኑም ለንባብ አይበቃም፤ ከእርሱ መገላገላችን ትልቅ ነገር ነው። ከአሮጌው ቤት መውሰድ የሚገባን የብርሃኑን ቦታ ነው።

የኤሌክትሪክ መብራት በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ወደ ተራው ሰው ቤት ሲወርድ የመጣው በጣም ተቆጥቦ ነበር፦ ለአንድ ክፍል አንድ አምፖል። ያ ባለ ክር አምፖል 60 ዋት ይበላል፤ አብዛኛው ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሁለትና ሦስት ማብራት ቅንጦት በሆነበት ዘመን አንዱን አምፖል ለሁሉም እኩል እንዲደርስ መሃል ላይ መስቀል ትክክለኛ ስሌት ነበር። ስሌቱ ግን ተለውጧል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ባለ ክሩን አምፖል ከየቤቱ እየሰበሰበ በሚሊዮን የሚቆጠር ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሲያድል ግማሹ መንገድ ተሄደ። ቀጥሎ ኤልኢዲ መጣ። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ የፈለሰፉት ሦስቱ ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ነጭ ብርሃንን በትንሽ ኃይል ማግኘት ያስቻለው ሥራቸው ስለሆነ ነው። ዛሬ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ብርሃን ይሰጣል። በአንድ ሳሎን ውስጥ ሁለት ባለ 7 ዋትና አንድ ባለ 5 ዋት መብራት በየማታው አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞሉም፤ የድሮው አንድ አምፖል 9 ይበላ ነበር። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚዘልቅ ላስታወሰ ሰው፣ መብራት ማብዛት ቆጣሪ ያሯሩጣል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም። ምክንያቱ ቢሄድም ልማዱ ግን እንዳለ ነው።

> ግድግዳው ሲበራ ክፍሉ ይሰፋል፤ መሃሉ ብቻ ሲበራ ጥጉ ይጨልማል።

ብርሃኑ ሥራውን ይከተል

አንድ የገፈርሳ ሳሎን በማታ ምን ይሠራበታል? ቡና የምታፈላዋ ሴት ረከቦቱን የምታኖረው ጥግ ላይ ነው። አምፖሉ ጣሪያው መሃል ከሆነ፣ ፊቷን ወደ ተቀማጩ ብታዞር ብርሃኑ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ጀርባዋን ብትሰጥ የራሷ ጥላ ምጣዱ ላይ ያርፋል። ቡና የሚቆላው ደግሞ በቀለም ነው፤ ከቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር የሚሄድበትን ቅጽበት ማየት የግድ ነው። ልጁ አጭሩ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ የራሱ ጭንቅላት ደብተሩን ያጨልመዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ የአምፖሉ ነጸብራቅ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ሶፋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ፊት፣ ብርሃን ከአናቱ ሲወርድበት፣ ዓይኑ ሥር ጥላ ያጠላበትና የደከመ ይመስላል። ይህ ሁሉ የአምፖሉ ጥራት ችግር አይደለም፣ የቦታው ችግር ነው።

የብርሃን ሕግ ደግሞ ቅርበትን ያደላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ከደብተሩ ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ትንሽ መብራት ደብተሩ ላይ የሚያደርሰው ብርሃን፣ ሁለት ሜትር ገደማ ከላይ ያለ እኩያው ከሚያደርሰው ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ይህ በተለይ ለአዛውንት ይጠቅማል። የስድሳ ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ማታ ዳዊት የሚደግሙ እናት ወይም ቁርአን የሚቀሩ አባት የሚያስፈልጋቸው ከትከሻቸው አጠገብ የቆመ መብራት ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ማጉላት እነርሱን ሳይጠቅም ሌላውን ያሳውራል።

ስለዚህ ነጥብ ለሌለው ሳሎን የሚበጀው እንዲህ ነው። ከሶፋው ጀርባ ወይም ጎን አንድ ቋሚ መብራት፣ ለንባብና ለጥናት። ቡና በሚፈላበት ጥግ፣ ከተቀመጠችው ሴት ትከሻ በላይ ከጎን በኩል፣ በምስማር የተንጠለጠለ ቀላል መብራት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ግድግዳውን የሚያበራ ደካማ ብርሃን፤ በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ በሜትር የሚሸጠው ስትሪፕ ለዚህ ይበቃል፣ ዓይንንም ከስክሪኑና ከጨለማው ግድግዳ ልዩነት ያሳርፋል። የአምፖሉ እርቃን ክር ወይም ነጭ ኳስ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ በጨርቅ፣ በሰፌድ ሥራ ወይም በቀርከሃ መከለል አለበት፤ ስፌት የምትሰፋ ሴት ከምትሠራው ሌማት የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ኤልኢዲ ብዙ ስለማይሞቅ ይህ ሊሠራ የሚችል ነው፤ በባለ ክሩ አምፖል ግን እሳት ነበር። ሆኖም አምፖሉ ከቃጫው ጋር እንዳይነካካ ርቀት መተው ያስፈልጋል፣ ታፍኖ የሚሠራ ኤልኢዲ ዕድሜው ያጥራልና።

የቤት ባለቤቶች እዚህ ላይ የሚያነሱት ተቃውሞ ክብደት አለው። እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ቦግ ማለት አለበት፣ በዓል በደብዛዛ ብርሃን አይከበርም፣ የጨለመ ሳሎን የሰው ፊት ይነሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ለእኛ ቤት ማብራት እንግዳን ማክበር ነው። መልሱ ግን አሁንም ጣሪያው ውስጥ አይገኝም። አፉ ወደ ላይ የዞረ፣ ጠንከር ያለ አምፖል የያዘ አንድ ቋሚ መብራት ጥግ ላይ ሲቆም ነጭ ቀለም የተቀባው ሶሌታ ራሱ ሰፊ መብራት ይሆናል። ብርሃኑ ተበታትኖ ስለሚወርድ ጥላ አይጥልም፣ ዓይን አይወጋም፣ ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ነጭ ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ያልተለሰነ ግራጫ ኮንክሪት ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ጣሪያው ካልተቀባ ከመብራቱ በፊት ኖራም ይሁን ነጭ ቀለም ይቀደም።

ነጭና ቢጫ

ሱቅ የገባ ሰው የሚጠየቀው ነጭ ወይስ ቢጫ ተብሎ ነው። ነጭ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬ ተብሎ የተጻፈበት ነው፤ የቀትር ሰማይን ይመስላል። ቢጫው 2700 ወይም 3000 ነው፣ ወደ እሳት ብርሃን ይቀርባል። ብዙ ቤት ነጩን የሚመርጠው ይበልጥ ያበራል ብሎ ነው። የብርሃን መጠን የሚለካው ግን በሉመን ነው፤ 800 ሉመን ያለው ቢጫ አምፖል 800 ሉመን ካለው ነጭ አያንስም። ማታ በጠንካራ ነጭ ብርሃን ሥር መቆየት እንቅልፍ እንደሚያዘገይ በሚገባ ተረጋግጧል፤ ገና ሌሊት ተነስቶ ታክሲ ለሚሰለፍ የገፈርሳ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱን በአንድ ክፍል መቀላቀል ደግሞ ሁለቱንም ያበላሻል። ሳሎን ቢጫ፣ ወጥ ቤት ነጭ ቢሆን ይሻላል።

ሶኬቱስ?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የባለሙያዎቹ ነው። እነዚህ ቤቶች ውስጥ ሶኬት ጥቂት ነው፤ ለአንድ ሳሎን ሁለት ከተገኘ ደግ ነው። መብራት ሁሉ በሶኬት ከሆነ ወለሉ በኤክስቴንሽን ይሞላል፣ ልጅ ይደናቀፋል፣ ሽቦ ይቃጠላል ይላሉ። ሥጋቱን ቸል ማለት ስህተት ነው፤ የቤት ቃጠሎ ከተጨናነቀ ማከፋፈያ ሊነሳ ይችላል። ግን የሚጫነውን መለየት ያስፈልጋል። ባለ 10 አምፔር ኤክስቴንሽን በ220 ቮልት እስከ 2200 ዋት ይሸከማል። ሦስቱ መብራቶች አንድ ላይ 20 ዋት አይሞሉም። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ካውያና የውኃ ማሞቂያም ከፍ ያለ ነው።

> አደጋው ከመብራቱ አይመጣም፤ ከምጣድ ጋር ከተጋራው ማከፋፈያ ነው።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ የመብራቱ ማከፋፈያ ለመብራትና ለቴሌቪዥን ብቻ ይሁን፣ ሙቀት የሚያወጣ ነገር አይሰካበት። ሽቦው በምንጣፍ ሥር አይለፍ። በግድግዳው ግርጌ በትራንኪንግ ይሸፈን፤ ትራንኪንግ ርካሽ ነው፣ ጀርባው የሚለጠፍም አለ፣ ተከራይ ሲወጣ ነቅሎት ይሄዳል። በናስትሮ የተቀጣጠለ ሽቦ ግድግዳ ላይ መተው ግን በምንም ምክንያት ተቀባይነት የለውም። ሁለተኛው ችግር ማብሪያው ነው። ሰው በጨለማ ገብቶ መብራት ፍለጋ መደነባበር የለበትም፤ የመጀመሪያው መብራት ከበሩ እጅ በሚደርስበት ርቀት ይሁን፣ ሽቦው ላይ ማብሪያ ይኑረው። በሪሞት የሚበሩ አምፖሎችም ገበያው ውስጥ አሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ መብራት መጥፋቱ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሰፈር መብራት የሚጠፋው ግን ብዙውን ጊዜ በማከፋፈያ መስመርና በትራንስፎርመር ምክንያት ስለሆነ፣ ክረምት በነጎደ ቁጥር ገፈርሳ መጨለሟ በአንድ ጊዜ አይቀርም። ይህ ግን ለጣሪያው አምፖል የሚያዳላ ነጥብ አይደለም። ሁለቱም እኩል ይጠፋሉ። ከተነቃዮቹ መብራቶች አንዱ ባትሪ ያለው፣ ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ቢሆን፣ ሁልጊዜ በቦታው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሻማ ፍለጋም አይኬድም። የጣሪያ መብራት ያለው ቤት ይህን ለብቻው መግዛት አለበት።

ከልስን በፊት

ተከራይ ስለዚህ ሁሉ ሲሰማ ለሰው ቤት ለምን ላውጣ ማለቱ አይቀርም። ቋሚ መብራት፣ ትራንኪንግና ስትሪፕ የእርሱ ናቸው፤ ጭኖ ይወስዳቸዋል። ከጣሪያ ሥራ የሚለዩትም በዚህ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዲያንስ አይፈቀድም፤ ሁለት ዓመት በጥሩ ብርሃን መኖር ደግሞ ዋጋውን ይመልሳል።

በሁሉም ቤት ጣሪያ ላይ ነጥብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እንጀራ የሚጋገርበት ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ክፍልና ደረጃ ከላይ መብራት ይሻሉ፤ እዚያ ሰው ቆሞ ይሠራል፣ ውኃም አለ፣ ወለል ላይ የተዘረጋ ሽቦ አደገኛ ነው። ያለውን ነጥብ ይዘጋ የሚልም የለም። የሳሎኑ ነጥብ ከሌለ ግን ሶሌታ አይበሳ።

ይህ ጥያቄ ከተከራዩ በላይ የሚመለከተው አሁን እየገነባ ያለውን ሰው ነው። በገፈርሳ፣ በሱሉልታና በሰበታ ግድግዳቸው ተሠርቶ ልስን የሚጠብቁ ቤቶች አሉ። ባለቤቶቻቸው በዚህ ሳምንት ከኤሌክትሪክ ባለሙያቸው ጋር ሲነጋገሩ ሁለት ነገር ይጠይቁ። በሳሎኑ በእያንዳንዱ ግድግዳ ሶኬት ይግባ፣ ከእነርሱ ሁለቱ ደግሞ በሩ አጠገብ ባለው ማብሪያ የሚበሩና የሚጠፉ ይሁኑ። ያኔ ተከራዩ መብራቱን የትም ቢያቆም በበሩ ሲገባ በአንድ ጣት ያበራዋል። ከልስን በፊት ይህ ጥቂት ሜትር ቱቦና ሽቦ ነው፤ ከልስን በኋላ ግን መሮ፣ ፍርስራሽና ዳግመኛ ቀለም ይጠይቃል።